የሚሮጥ ነገር ጉልበት በምን ይለካል



በትምህርት ቤት «የእንቅስቃሴ ጉልበት ምንድር ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ «ክብደትን በፍጥነት ካሬ አባዝቶ እኩሌታውን መያዝ ነው» ብሎ ሳይሰናከል ይመልሳል። በቃል ማጥናት በዚህ አገር ከጥንት ጀምሮ የተከበረ የትምህርት ሥርዓት ስለ ሆነ እንዲህ ያለው መልስ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ይኸው ተማሪ ወደ ቤቱ ሲመለስ በአውራ ጎዳና ዳር ቆሞ የሚመጣውን ኦቶሞቢል አይቶ «ገና ሩቅ ነው፥ ደግሞም ነጂው ፍሬን ይይዛል» ብሎ ቢሻገር፥ በቃሉ የያዘው ነገር ከልቡ እንዳልደረሰ ይታወቃል። በሰሌዳ ላይ ከፍጥነቱ ራስጌ የምትጻፈው ትንሽዋ የ2 ቍጥር በጎዳና ላይ የሰው ነፍስ የሚድንባት ወይም የሚጠፋባት ናት።

ስለዚህ ሁለት ነገር መመርመር ያስፈልጋል። ፍጥነት ስለ ምን ሁለት ጊዜ ይቈጠራል? እኩሌታውስ ከየት መጣ? ሁለቱንም የሚያስረዳው የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ከሩቅ አገር ባቡርና ከመርከብ ይልቅ ተማሪው በየቀኑ ከሚያየው ነገር ቢወሰድ ይሻላል።

አስቀድሞ ጉልበት የተባለው ምን እንደ ሆነ ይታወቅ። በሳይንስ ቋንቋ ጉልበት ማለት ሥራ የመሥራት ችሎታ ነው፤ ሥራ ማለትም የሚከለክል ነገር ሳለ አንድን ነገር ከቦታው መግፋት ወይም ማንሣት ነው። መጥረቢያን በግንድ ላይ በቀስታ ቢያስቀምጡት እንጨቱን አይሰነጥቀውም፤ አንሥተው ቢሰነዝሩት ግን ይሰነጥቀዋል። ብረቱ ያው ብረት ነው፥ ክብደቱም አልጨመረም፤ የተጨመረው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ዘነዘናም በሙቀጫ ውስጥ ቆሞ ቢውል ቡናውን አያደቀውም። እንግዲህ አንድ ነገር በመንቀሳቀሱ ብቻ የሚያገኘው የሥራ ችሎታ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይባላል። በትምህርት መጽሐፍ መጠነ ቁስ የሚባለውና ክብደት የሚባለው በጥልቅ ሲመረመሩ ልዩነት አላቸው፤ ለዚህ ነገር ግን በኪሎ የሚመዘነውን ክብደት ብሎ መጥራት ይበቃል።

የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበቱ በምን ይለካል በሚለው ጥያቄ የኤውሮፓ ሊቃውንት ብዙ ዘመን ተከራክረዋል። ዓመቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው። ፈረንሳዊው ደካርት በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ የእንቅስቃሴ መጠን የሚገኘው የነገሩን ብዛት በፍጥነቱ በማባዛት ነው ብሎ ነበር። ይህ ቃል ለማንም ሰው ጆሮ ይስማማል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መጠኑም እጥፍ ይሆናል ማለት ነውና። በ1686 ግን ጀርመናዊው ላይብኒትስ በላይፕሲክ ከተማ በሚታተም መጽሔት አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ይህ ስሌት ጉልበትን ሊለካ አይችልም ሲል ተቃወመ።

የላይብኒትስን ክርክር በእህል ማስረዳት ይቻላል። አንድ ሰው አራት ቁና እህል አንዱን ካንዱ እያስከተለ አንድ ክንድ ከፍ ባለ መደብ ላይ ያኖራል። ሁለተኛው ሰው አንድ ቁና ብቻ ይዞ አራት ክንድ ከፍ ካለ ቆጥ ላይ ያደርሳል። የሁለቱ ድካም እኩል ነው፤ አራት ክንድ ማንሣት አንድ ክንድ አራት ጊዜ ማንሣት ነውና። አሁን ደግሞ እህሉ ሁሉ ከተቀመጠበት ወደ መሬት ይውደቅ። ኢጣሊያዊው ጋሊሌዎ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ከአራት እጥፍ ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል እንጂ አራት እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ አራቱ ቁና የሚወድቁበት ፍጥነት 1 ቢባል፥ ከቆጡ የወደቀው አንዱ ቁና ፍጥነቱ 2 ይሆናል። በደካርት ስሌት ቢቈጠር አራቱ ቁና 4 ጊዜ 1፥ ማለት 4 ይሆናሉ፤ አንዱ ቁና ግን 1 ጊዜ 2፥ ማለት 2 ብቻ ይሆናል። እኩል ድካም የወጣበት ነገር ሲወድቅ ስለ ምን እኩሌታው ይጠፋል? ፍጥነቱ ራሱ በራሱ ተባዝቶ ቢቈጠር ግን አራቱ ቁና 4 ጊዜ 1 ጊዜ 1፥ አንዱም ቁና 1 ጊዜ 2 ጊዜ 2 ይሆናል። ሁለቱም 4 ናቸው፤ ሒሳቡ ተስተካከለ።

ይህ የቃል ክርክር ነው፤ በእጅ የሚዳሰስ ማስረጃ ያመጣው የሆላንዱ ሊቅ ስግራቨሳንዴ ነው። ይህ ሰው በላይደን ከተማ መምህር ሳለ በ1722 የናስ ድቡልቡል ብረቶች ከልዩ ልዩ ከፍታ በለሰለሰ ሸክላ ጭቃ ላይ እየጣለ ያሳረፉትን ጕድጓድ መረመረ። ጭቃው የመሰከረው ለላይብኒትስ ነበር። ስግራቨሳንዴ የእንግሊዛዊው የኒውተን ደቀ መዝሙር ሆኖ ሳለ፥ የኒውተን ወገኖችም የላይብኒትስን ነገር የማይወዱ ሆነው ሳሉ፥ ያየውን አልሸሸገም፤ አሳቡን ለውጦ ጻፈ። ወገኑን ትቶ ማስረጃውን የሚከተል ሊቅ በማናቸውም ዘመን የሚገኘው በጥቂቱ ነው።

ከዚህም በኋላ ነገሩን በፈረንሳይ አገር አጥብቃ የያዘች አንዲት ሴት ናት። ስምዋ ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ይባላል። በ1740 ባሳተመችው የፊዚክስ መጽሐፍ የላይብኒትስን ስሌትና የጭቃውን ማስረጃ አስረዳች፤ የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ጸሐፊ የነበረው ሜራን በ1741 ተቃውሞ ባወጣባት ጊዜም ሳትዘገይ በማኅተም መለሰችለት። ኒውተን በላቲን የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ የተረጐመችውም እርስዋ ናት፤ ትርጕሙም በሙሉ የታተመው በ1749 ካረፈች ከአሥር ዓመት በኋላ በ1759 ነው። መጽሐፍ ከሊቃውንት ቋንቋ ወደ ሕዝብ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ቃልን ሲመዝን እንደሚኖር የሚያውቁ ሽማግሎች፥ ይህች ሴት ስለ አንዲት ትንሽ የካሬ ምልክት ከአካዳሚ ጸሐፊ ጋር መከራከርዋ አይደንቃቸውም። ሒሳብ ለሴት ልጅ አይሆንም የሚል አባት ቢኖር መምህሩ ይህን ታሪክ ቢያነብለት መልካም ነው።

የላይደኑን ምርመራ በገጠር ትምህርት ቤት ለመድገም ናስ አያስፈልግም። እኩል የሆኑ ሁለት ባዶ ጣሳዎች ይፈለጉ። አንዱ በአሸዋ ተሞልቶ ሁለት ኪሎ፥ ሌላው ገለባና አሸዋ ተደባልቆበት አንድ ኪሎ ይሁን፤ አፋቸውም በደንብ ይታሰር። ለሸክላ ሥራ የሚሆን ጭቃ በሳጥን ውስጥ ተደልድሎ ይቀመጥ። ከባዱ ጣሳ ከአንድ ክንድ ከፍታ ይውደቅና ያሳረፈው ጕድጓድ ጥልቀቱ በስንጥር ይለካ። ከዚያ ወዲያ ቀላሉ ጣሳ ጭቃው ባልተነካበት በኩል ከሁለት ክንድ ከፍታ፥ ደግሞም በሌላ በኩል ከአራት ክንድ ከፍታ ይውደቅ። ጣሳው ሳይጋደም በቂጡ እንዲያርፍ መጠንቀቅ ነው፤ ልጆቹም እግራቸውን ያርቁ።

መምህሩ ጣሳው ከመውደቁ በፊት ተማሪዎቹን ይጠይቅ፤ ይህን መርሳት የለበትም። ፍጥነት አንድ ጊዜ ብቻ የሚቈጠር ቢሆን፥ ቀላሉ ጣሳ ከባዱን ለመተካከል እጥፍ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ እጥፍ ፍጥነትም የሚገኘው ከአራት ክንድ ነው። ፍጥነት በካሬ የሚቈጠር ቢሆን ግን ሁለት ክንድ ይበቃዋል። ስለዚህ ከባዱን የሚተካከለው ጕድጓድ የሁለት ክንዱ ነው ወይስ የአራት ክንዱ? ተማሪዎቹ ለሁለት ተከፍለው ይሟገቱ፤ ፍርዱን ጭቃው ይስጥ። የሁለት ክንዱ ጕድጓድ ከከባዱ ጋር እኩል ሆኖ፥ የአራት ክንዱ ግን ከሁለቱም በልጦ ይገኛል። በክርክሩ የተረታ ልጅ ነገሩን ከረታው ይልቅ አያይዞ እንደሚያስታውስ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ እኩሌታው እንመለስ። በላይብኒትስ ዘመን እኩሌታ የሚባል አልነበረም፤ ክብደት በፍጥነት ካሬ ተባዝቶ እንዳለ ይቈጠር ነበር። እኩሌታውን በመጽሐፍ ያጸናው ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ በ1829 ስለ መኪና ሥራ በጻፈው መጽሐፍ ነው። ምክንያቱ ጥልቅ አይደለም። በሴኮንድ 4 ሜትር የሚሮጥ ነገር በየሴኮንዱ ከፍጥነቱ 2 ሜትር እየቀነሰ ቢቆም፥ የሚቆመው በ2 ሴኮንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍጥነቱ ከ4 ጀምሮ እስከ ባዶ ስለ ወረደ መካከለኛው ፍጥነት 2 ነው፤ የሄደውም መንገድ 2 ሴኮንድ በ2 ሜትር፥ ማለት 4 ሜትር ነው። እኩሌታው የመጣው ከዚህ ከመካከለኛው ፍጥነት ነው፤ እየደከመ የሚቆም ነገር በጠቅላላው የሚሄደው በመነሻ ፍጥነቱ እኩሌታ ነውና።

ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ በሴኮንድ 8 ሜትር ይሁን። የሚቀንሰው ያው 2 ስለ ሆነ ለመቆም 4 ሴኮንድ ይፈልጋል፤ መካከለኛው ፍጥነቱም 4 ነው፤ መንገዱ 16 ሜትር ይሆናል። ከ4 ሜትር ወደ 16 ሜትር አራት እጥፍ ነው። ካሬው ከየት እንደ መጣ በዚህ ይታያል። ፍጥነት ሲጨምር አንድ ጊዜ የመቆሚያውን ሰዓት ያረዝመዋል፥ ሁለተኛም በዚያ ሰዓት ውስጥ የሚሄደውን መንገድ በየሴኮንዱ ያረዝመዋል። ሁለት ጊዜ ስለሚያረዝም ሁለት ጊዜ ይቈጠራል። ይህን ስሌት በጥራዙ የሠራ ተማሪ ቀመሩን ቢረሳ እንኳ ራሱ ሊያወጣው ይችላል።

ደካርትም ቢሆን ፈጽሞ ስቶ አልነበረም። ፈረንሳዊው ዳላምቤር በ1743 እንዳመለከተው፥ የሚቆም ነገር ስንት ሰዓት ይፈጅበታል ቢሉ መልሱ በፍጥነቱ ልክ ነው፤ ስንት መንገድ ይፈጅበታል ቢሉ ግን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ሰዓቱ ከ2 ወደ 4፥ መንገዱ ከ4 ወደ 16 መሄዱን ልብ ማለት ይበቃል። ሁለቱም መለኪያዎች ዛሬ በትምህርት አሉ፤ ስማቸው ግን ልዩ ልዩ ነው።

በወንጭፍና በወይፈን የሚደረገው ጥያቄ ይህን ልዩነት ደኅና አድርጎ ያሳያል። ማሽላ ሲያፈራ በማማ ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ 100 ግራም ጠጠር በሴኮንድ 40 ሜትር ወንጭፏል እንበል። 160 ኪሎ የሚመዝን ወይፈን ደግሞ በሴኮንድ 1 ሜትር ቀስ ብሎ ይራመዳል። የማንኛው ጉልበት ይበልጣል? የጠጠሩ ክብደት 0.1 ኪሎ፥ የፍጥነቱ ካሬ 1,600፥ ብዜታቸው 160፥ እኩሌታው 80 ነው። የወይፈኑም 160 ጊዜ 1፥ እኩሌታው 80 ነው። መለኪያው ጁል ይባላል፤ አንድ ጁል አንድ ኪሎ ነገር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ጉልበት ነው።

ጉልበታቸው እኩል ከሆነ ስለ ምን ወይፈኑ ሰውን ገፍቶ ሲያልፍ ጠጠሩ አጥንት ይሰብራል? ጉልበቱ የሚያልቅበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። በወይፈን የተገፋ ሰው ግማሽ ሜትር ያህል እያፈገፈገ ቢያቆመው፥ 80 ጁል ለ0.5 ሜትር ሲካፈል 160 ኒውተን ነው፤ ይህም የ16 ኪሎ ጭነት ያህል ግፊት ነው። ጠጠሩ ግን በአጥንት ላይ በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፥ 80 ጁል ለ0.01 ሜትር ሲካፈል 8,000 ኒውተን ይሆናል፤ ይኸውም 800 ኪሎ ጭነት በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ እንደ ማረፍ ነው። የአገር ሽማግሎች በወንጭፍ ስለ ቆሰለ ሰው ሲዳኙ «በጠጠር ነው እንጂ በትልቅ ድንጋይ አልመታሁትም» የሚል ተከሳሽ ቢመጣ ይህችን ስሌት ማስታወስ ነው።

ከዚህ ወደ ጎዳናው መሄድ ይቻላል። መምህሩ አስቀድሞ በሰዓት የሚነገረውን ፍጥነት ወደ ሴኮንድ ማምጣት ያስተምር፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በካሬው ሳይሆን በዚህ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር በሴኮንድ 10 ሜትር ነው፤ 72 ኪሎ ሜትር 20፥ 108 ኪሎ ሜትርም 30 ሜትር ነው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን ኦቶሞቢል በእነዚህ ፍጥነቶች ሲሄድ ጉልበቱ 50,000፥ 200,000 እና 450,000 ጁል ይሆናል።

እነዚህ ቍጥሮች ለሽማግሎች በቀላሉ የሚገቡት በገደል ሲመሰሉ ነው። ይኸው ኦቶሞቢል ከምን ያህል ገደል ቢወድቅ ይህን ጉልበት ያገኛል? ምድር እያንዳንዱን ኪሎ 10 ኒውተን ያህል ትስበዋለች፤ ስለዚህ 50,000 ጁል የ5 ሜትር ገደል፥ 200,000 ጁል የ20 ሜትር ገደል፥ 450,000 ጁል የ45 ሜትር ገደል ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከግንብ ጋር የተጋጨና ከ20 ሜትር ገደል አፋፍ የወደቀ እኩል ይመታሉ። ሰው ከገደል አፍ ሲደርስ ልቡ ይፈራል፥ ልጁንም በእጁ ይይዛል፤ በሜዳ ላይ በሚሮጥ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ግን ገደሉ አይታየውምና ይጫወታል፥ አንዳንዱም ነጂውን «ፍጠን እንጂ» ይለዋል።

ከጥያቄዎች ሁሉ የበለጠውም ይህ ነው። ሁለት ኦቶሞቢሎች ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ አንዱ በሰዓት 30፥ ሁለተኛው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንድ ሕፃን ወደ መንገዱ ብቅ ይላል። ሁለቱም ነጂዎች በአንድ ቦታ ላይ ሳሉ በአንድ ቅጽበት ፍሬን ይይዛሉ፤ ፍሬናቸውም እኩል ነው። በ30 ይሄድ የነበረው ከሕፃኑ እግር ሥር ሲደርስ ፈጽሞ ቆመ። በ50 ይሄድ የነበረውስ ሕፃኑ ካለበት መስመር ሲደርስ ስንት ፍጥነት ቀርቶታል?

ያልተማረም የተማረም ሰው ቶሎ የሚመልሰው «ከ50 ላይ 30 ቢነሣ 20 ይቀራል» ብሎ ነው። ፍሬን ግን የሚቀንሰው ጉልበትን ነው እንጂ ፍጥነትን በቀጥታ አይደለም፤ በእኩል መንገድም እኩል ጉልበት ይቀንሳል። ፍጥነቱ በአሥር አሥር ቢቈጠር የመጀመሪያው ጉልበት 3 ጊዜ 3፥ ማለት 9 እጅ ነው፤ የሁለተኛው 5 ጊዜ 5፥ ማለት 25 እጅ ነው። ፍሬኑ ከሁለቱም 9 እጅ ወሰደ። ለመጀመሪያው ምንም አልቀረውም፤ ለሁለተኛው ግን 16 እጅ ቀረው። ራሱ በራሱ ተባዝቶ 16 የሚሆነው 4 ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ኦቶሞቢል ሕፃኑ ካለበት የሚደርሰው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። ከ50 ወደ 40 ብቻ ነው የወረደው። የዚህም ምክንያት ፈጣኑ ያችን ጥቂት ሜትር የሚያልፋት በአንድ ሦስተኛ ጊዜ ውስጥ ስለ ሆነ ፍሬኑ ሥራውን ለመሥራት ሰዓት አለማግኘቱ ነው።

ይህን ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ከመሥራት በፊት የክፍሉ ልጆች ሁሉ መልሳቸውን በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ለመምህሩ ይስጡ። 20 የሚለው እንደሚበዛ ከአሁኑ መናገር ይቻላል።

ሽማግሎች ሊጠይቁ የሚችሉት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም የተጫነ ካሚዮን ከባዶው ይልቅ ሩቅ ሄዶ ይቆማልን የሚል ነው። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ነው፤ ነገር ግን ጎማው መንገዱን የሚጨብጥበት ግፊትም እጥፍ ስለሚሆን፥ ፍሬኑ ደኅና ከሆነ በሜዳ ላይ ልዩነቱ እንደሚያስፈራው አይደለም። አደጋው በቍልቍለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር የበለጠ ይወርዳል። ከነጭነቱ 10,000 ኪሎ የሆነ ካሚዮን 1,000 ሜትር ሲወርድ ከከፍታው የሚያገኘው ጉልበት 100 ሚሊዮን ጁል ነው። ምንም የሚያግደው ባይኖር ኖሮ ከታች ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ነበር። ነጂው በዝግታ ካወረደው ግን ያ ሁሉ ጉልበት ወዴት ሄደ?

መልሱን የሰጠው እንግሊዛዊው ጁል ነው፤ መለኪያው በስሙ የተጠራው ስለዚህ ነው። በ1840ዎቹ ዓመታት ክብደት በገመድ እየወረደ በውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንዲያዞር አድርጎ ውሃው ምን ያህል እንደ ሞቀ ለካ፤ የጠፋ የመሰለው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ተገኘ። 100 ሚሊዮን ጁል 300 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ፥ ማለት በርሜል ተኩል የሚሆን፥ እስኪፈላ የሚያደርስ ሙቀት ነው። ይህ ሁሉ በፍሬን ብቻ ቢያልቅ ፍሬኑ ይግላል፥ ያጨሳል፥ በመጨረሻም መያዙን ይተዋል። ዐዋቂ ነጂ ቍልቍለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲያግደው የሚያደርገው ስለዚህ ነው። እርዳታውም የሚጠቅመው ከአፋፉ ሲጀመር ነው፤ በመካከል ፍሬን ከጋለ በኋላ ማርሽ ለመለወጥ የሚሞክር ካሚዮኑን ሊያመልጠው ይችላል።

ለሜዳው የሚሆነው ሥራ ቀላል ነው። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ገመድ ይዘርጋና ካስማ ይተከል። በደረቅና በመልካም አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ ጀምሮ አንድ ኦቶሞቢል በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በ5 ሜትር ያህል፥ በ60 ሲሄድ በ20 ሜትር፥ በ90 ሲሄድ በ45 ሜትር ይቆማል። (ቍጥሮቹ ከገደሉ ቍጥሮች ጋር መመሳሰላቸው አጋጣሚ ነው፤ 1፥ 4፥ 9 እያሉ መሄዳቸው ግን አጋጣሚ አይደለም።) መንገዱ እርጥብ ወይም ኮረት የፈሰሰበት ሲሆን ርቀቱ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ከዚህም በፊት የሚቈጠር መንገድ አለ። ነጂው ሕፃኑን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ በዚያም ሴኮንድ ኦቶሞቢሉ በ30 ሲሄድ 8 ሜትር፥ በ60 ሲሄድ 17 ሜትር፥ በ90 ሲሄድ 25 ሜትር ይሄዳል። ይህኛው መንገድ 1፥ 2፥ 3 እያለ በፍጥነቱ ልክ ያድጋል፤ የፍሬኑ መንገድ ግን በካሬው ያድጋል። የደካርትና የላይብኒትስ ስሌት በአንድ ጎዳና ላይ ተከታትለው ይገኛሉ። ሁለቱ ሲደመሩ በ30 ኪሎ ሜትር 13፥ በ60 ኪሎ ሜትር 37፥ በ90 ኪሎ ሜትር 70 ሜትር ናቸው። ካስማዎቹ በ13፥ በ37ና በ70 ሜትር ላይ ይተከሉ፤ አንድ ልጅ በገመዱ ጫፍ ቆሞ እያንዳንዱን ካስማ ይመልከት፤ ሌሎቹም ኦቶሞቢል ስንት ሜትር ሲቀረው መሻገር እንደ ለመዱ በእርምጃ እየለኩ ያሳዩ።